ካርዱ «ተዛውሯል» ቢልም ልጁን ራሳችሁ ፈትኑት

በኮሮና ጊዜ ሁለተኛ ክፍል የነበረ ልጅ ዛሬ አልጀብራ ቢከብደው፣ ምክንያቱን አልጀብራው ውስጥ የሚፈልግ ወላጅ ላያገኘው ይችላል። ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው ትምህርት ቤት በተዘጋበት ዓመት ሳይማራቸው ባለፉት መቀነስና ማባዛት ላይ ነው። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ብዙ ጊዜ ይተርፈን ነበር። የምጽፈውም ለዚሁ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19ን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ያለው እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2020 ነው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ ዩኔስኮ እንደቆጠረው፣ ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ተማሪዎች ክፍላቸው ተዘጋ። ከእነዚያ ሁለቱ የእኔ ናቸው፤ ትልቁ አራተኛ ክፍል፣ ትንሿ አንደኛ ክፍል ነበሩ።

መሣሪያ ማሟላቱ ቀላሉ ሥራ ነበር። ዋይፋዩ 2.4 እና 5 ጊጋኸርትዝ ካለው፣ ልጁ ከራውተሩ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ሲሆን 5ቱን፣ ግድግዳ ሲለያቸው 2.4ቱን መምረጥ፤ ገመድ መዘርጋት ከተቻለ ግን ከሁለቱም ይሻላል። ኢንተርኔቱ ሲንቀራፈፍ መጀመሪያ የሚጠፋው የልጁ የራሱ ቪዲዮ ነው፤ በአብዛኛው ቤት የመላኪያው አቅም ከመቀበያው ያነሰ ስለሆነ። ማይክ ያለው ባለገመድ ማዳመጫ ለሁሉም ልጅ ያስፈልጋል። የቤት ሥራ ፎቶ በቀን ብርሃን፣ ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ በትክክል ከላይ ማንሳት፤ ገጾቹን በአንድ ፒዲኤፍ ማድረግ፤ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ሲላክ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል መላክ። እንደ ፎቶ ከተላከ መተግበሪያው ጥራቱን ይቀንሰዋል፤ በእርሳስ የተጻፈ ሥራም አይነበብም። ለዓይን ደግሞ በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ ስድስት ሜትር ያህል ርቆ ያለ ነገር ማየት።

ይህን ሁሉ ማንም ያሟላዋል። የከፋው ሌላ ነበር፤ ልጆቹ በእርግጥ እየተማሩ መሆናቸውን ማወቅ።

ከትምህርት ቤቱ የሚመጣው ወረቀት ሁሉ መልካም ነበር። ስም ጥሪው የተሟላ፣ ውጤቱ ከስድሳ በላይ፣ በመጨረሻም «ወደሚቀጥለው ክፍል ተዛውሯል» የሚል ካርድ። ግን እነዚህ ቁጥሮች ምን እንደሚለኩ አስቡት። ስም ጥሪው የሚመዘግበው አካውንቱ መግባቱን ነው። ማይኩ ተዘግቶ፣ ካሜራው ጣሪያ እያሳየ፣ ልጁ ሌላ መስኮት ከፍቶ ጨዋታ ላይ ቢሆንም «ተገኝቷል» ይላል። ፈተናው ደግሞ ምርጫ ነበር። አራት ምርጫ ካላቸው 20 ጥያቄዎች አሥሩን ብቻ የሚያውቅ ልጅ፣ የቀሩትን አሥር በግምት ቢሞላ ሁለት ወይም ሦስት ያህሉን ያገኛል። ውጤቱ 12 ወይም 13 ከ20 ይሆናል ማለት ነው። ግማሹን የማያውቅ ልጅ ከመቶ ስድሳ ወይም ከዚያ በላይ አምጥቶ ያልፋል። ይህም ጎኑ ማንም ሳይቀመጥ፣ ጉግልም ሳይከፈት ነው።

ይህን ይዤ ትምህርት ቤቱን ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። «ምዕራፎቹ ሁሉ ተሸፍነዋል፤ በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ላይ ክለሳ ይኖራል፤ ወላጆች ልጆቹን ባያስጨንቋቸው ይመረጣል።» የተሸፈነው የመጽሐፉ ገጽ ነው። መምህራኑን አልወቅስም፤ ሠላሳ ትንንሽ ሳጥን ስክሪን ላይ እያዩ ማን እንደገባው ማወቅ አይችሉም፤ በክፍል ውስጥ ቢሆን ደብተር ላይ ጎንበስ ብለው ያዩት ነበር። የምወቅሰው፣ መለኪያው እንደተበላሸ እያወቀ ውጤቱን እንደ ወትሮው አትሞ የሰጠንን አስተዳደር ነው። ካርዱ ላይ «ዘንድሮ በትክክል መለካት አልቻልንም» የሚል አንድ መስመር ቢጨምር ኖሮ ወላጅ ሁሉ ክረምቱን በሌላ መንገድ ያሳልፈው ነበር።

ስለዚህ ራሴ ፈተንኳቸው። አፈታተኑን በዝርዝር የምጽፈው ዛሬም ስለሚሠራ ነው።

ንባብ። ልጁ አይቶት የማያውቅ፣ ካለበት ክፍል በአንድ ዝቅ ያለ ጽሑፍ ያስፈልጋል። ከራሱ የመማሪያ መጽሐፍ አይሁን፤ ልጆች ምንባቡን በጆሯቸው ይዘውት ሥዕሉን እያዩ ያነበንቡታል፣ ሰሚው ያነበቡ ይመስለዋል። አንድ ቅጂ ለእሱ፣ አንድ ለእናንተ። ለአንድ ደቂቃ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ የዘለለውን፣ የቀየረውን፣ የገደፈውን ቃል ምልክት አድርጉ። ራሱ ያረመውን እንደ ስህተት አትቁጠሩ። ቀጥሎ ወረቀቱን ወስዳችሁ አምስት ጥያቄ ጠይቁት፤ ቢያንስ አንዱ መልሱ በቀጥታ ያልተጻፈ ይሁን። ፊደል ላይ ላሉ ትንንሾች ደግሞ ገበታውን በተርታ አታስነብቡ። «ሀ ሁ ሂ» እያለ በዜማ የሚወርድ ልጅ «ሪ»ን ለብቻዋ ስታሳዩት ከ«ረ» ጀምሮ ሊቆጥር ይችላል፤ ወይም ካዕብና ሣልሱን ያምታታል። ፊደላቱን በካርድ ጽፋችሁ በውዙ። የትንሿ ችግር የተገኘው እዚህ ነበር፤ የመጀመሪያውን ፊደል አንብባ የቀረውን የቃሉን ክፍል ትገምት ነበር። በስክሪን ትምህርት መምህርቷ ካለች በኋላ ሁሉም ልጅ በኅብረት ስለሚደግም ማንም አልሰማትም።

ሒሳብ። ምርጫ የለም፤ ባዶ ወረቀት፣ ሥራው በሙሉ ይታይ። 503 ሲቀነስ 268 ስጡት። ትክክለኛው 235 ነው። 365 ካለ በየቦታው ከትልቁ አኃዝ ትንሹን እየቀነሰ ነው፤ መበደር የሚባለው ነገር አልገባውም። ትልቁ ልጄ አራተኛ ክፍልን «ጨርሶ» 365 ጻፈ። ቀጥሎ 7 በ8 ጠይቁት። ከሦስት ሰከንድ በላይ ከወሰደ ወይም ጣቱን ከቆጠረ አላወቀውም ብላችሁ ያዙ፤ ረጅም ማካፈል ላይ ሲደርስ ሐሳቡ በማባዛቱ ተይዞ የማካፈሉ ቅደም ተከተል ይጠፋዋል። ከዚያ አንድ ሁለተኛ ሲደመር አንድ ሦስተኛ። ሁለት አምስተኛ ካለ ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ደምሯል። አታርሙት፤ «ሁለት አምስተኛ ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» በሉት። ግማሽ ላይ ተጨምሮ ከግማሽ ያነሰ ነገር መውጣቱን አይቶ ግራ ከተጋባ ደኅና ነው፣ የቀረው አሠራሩ ነው። ምንም ካልመሰለው ክፍልፋይ ምን እንደሆነ ገና አያውቅም፤ ከዚያ ጀምሩ።

ጽሕፈት። አምስት ዓረፍተ ነገር በእጅ። ዓመቱን ሙሉ ስክሪን ሲነካ የኖረ ልጅ ሦስተኛው ላይ እጁ ይዝላል። ይህ ስንፍና አይደለም፤ ልምምዱ ስለቀረ ነው፣ በየቀኑ ጥቂት መስመር ሲጽፍ ይመለሳል።

ከዚህ በኋላ ያደረግኩትን ትምህርት ቤቱ አልወደደውም። የአምስተኛ ክፍሉን የቤት ሥራ ግማሹን አስቀረሁ። ከመጽሐፍ መገልበጥ፣ ስክሪን ላይ ደጋግሞ ምርጫ መንካት፣ ሥዕል ማቅለም፤ እነዚህን ተውን። ንባብን፣ ሥራው የሚታይ ሒሳብንና በእጅ መጻፍን ጠበቅን። ለመምህሩም በጽሑፍ ነገርኩት፤ ምን እንደተውን፣ በምትኩ ምን እንደምንሠራ። በቃል መናገር አይበቃም፤ «የቤት ሥራ አይሠራም» የሚል አስተያየት ሲመጣ የምታሳዩት ያስፈልጋችኋል።

መቀነሱን በእንጨት ጀመርን፤ አሥር አሥር እየታሰሩ፣ አሥሩ እስር ደግሞ መቶ እየሆነ። 503 ላይ ችግሩ መሃል ያለው ዜሮ ነው፤ የሚበደሩት አሥር የለም። አንዱ መቶ ተፈትቶ አሥር አሥሮች ይሆናል፣ ከእነሱ አንዱ ተፈትቶ አሥር አንዶች ይሆናል፤ አራት መቶ፣ ዘጠኝ አሥር፣ አሥራ ሦስት አንድ። ልጁ ይህን በእጁ ሳይፈታ ወረቀት ላይ «ሰርዝና 9 ጻፍ» ማለት ዋጋ የለውም፤ በሳምንቱ ይጠፋል።

የማባዛት ሠንጠረዥን በተርታ አታስሸምድዱ። መጀመሪያ የ2፣ የ10፣ የ5፤ ከዚያ የ4፣ የ2 እጥፍ ነውና። 3 በ7 እና 7 በ3 አንድ መሆናቸው ከገባው፣ የ1፣ የ2፣ የ5 እና የ10 ከወጡ በኋላ እስከ 10 በ10 ካለው ሠንጠረዥ የሚቀሩት 21 ብቻ ናቸው። ይህን ለልጁ ቆጥራችሁ አሳዩት፤ መቶ ነገር ይጠብቀኛል ብሎ የሚፈራው ፍርሃት ይለቀዋል። በቀን ሦስት አዲስ ካርድ፣ ከሚያውቃቸው ጋር ተደባልቆ፣ አሥር ደቂቃ። ያወቀው ካርድ በማግስቱ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ እንደገና ይጠየቅ። ቅዳሜ ለሁለት ሰዓት ያህል ማስቀመጥ ከዚህ ያነሰ ይሰጣል፤ ልጁንም ያስጠላዋል።

ንባብ በየቀኑ አንድ አጭር አንቀጽ ሦስት ጊዜ፣ ስልክ ያልያዘ ሰው እየሰማ። ሲሳሳት ወዲያው አትዝለሉበት። ዓረፍተ ነገሩን እስኪጨርስ ጠብቁት፤ ትርጉም ካላገኘ ብዙ ጊዜ ራሱ ይመለሳል። ያ መመለስ ከማንኛውም እርማት ይበልጣል። ትንሿ ግምቱን ትታ ቃሉን እስከ መጨረሻው ማንበብ ስትጀምር ያወቅኩት ፍጥነቷ በመቀነሱ ነበር። ብዙ ወላጅ እዚህ ላይ ደንግጦ ያቆማል። አታቁሙ፤ ፍጥነቱ በኋላ ይመጣል።

አስጠኚ ለመቅጠር ያሰበ ሰው ካለ አንድ ነገር ይጠይቀው፤ «የምታስጠናው የዛሬውን የቤት ሥራ ነው ወይስ የጎደለውን?» የቤት ሥራውን ካለ ውጤቱ ከፍ ይላል፣ ጉድለቱ ግን እንዳለ ይቀመጣል። ክፍል ይድገም የሚለውንም አልደግፍም፤ አንድ ምዕራፍ የጎደለውን ልጅ የሚያውቃቸውን ዘጠኝ ምዕራፎች ማስደገም ነው።

ልጃችሁ አሁን ከፍ ያለ ክፍል ላይ ከሆነም ፈተናው ያው ነው። 503 ሲቀነስ 268፣ 7 በ8፣ አንድ ሁለተኛ ሲደመር አንድ ሦስተኛ፣ አንድ ገጽ ያልታየ ጽሑፍ። የጎደለውን ለትምህርት ቤቱ ስትነግሩ ከሰባተኛ ክፍል በላይ ያለ መምህር «ይህ የእኔ ክፍል ትምህርት አይደለም» ሊላችሁ ይችላል። የፈተናውን ወረቀት ከነስህተቱ አያይዛችሁ፣ የትኛው የቤት ሥራ ለጊዜው እንዲቀርለት እንደምትፈልጉ በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።