ሻይ በዳቦ ጡንቻ አያቆምም
የእማዬ ቁርስ ሻይ በዳቦ ነው፤ እራቷም ያው። ጉልበቷ ሲከዳት «እርጅና ነው» ትላለች። እኔ ግን ጥፋቱን ሁሉ ለእርጅና አልሰጥም፤ ሻይ በዳቦው ፕሮቲን ያንሰዋል። ለአረጋውያን በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ይመከራል። እማዬ 60 ኪሎ ናት፤ እንግዲህ አስሉት።

ከፕሮቲን ውስጥ ጡንቻ እንዲገነባ የሚቀሰቅሰው በተለይ ሊዩሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚሠራበት ጡብ በሉት) ነው። እንቁላል፣ ወተትና ዓሣ ውስጥ ሞልቷል። ሽሮም እንዳትናቅ! ጤፍ የሚያንሰውን ላይሲን የተባለ ሌላ አሚኖ አሲድ ትሞላለች።

ሐዋሳ ተቀምጦ ዓሣ መራብማ ነውር ነው። ከዓሣ ገበያው ከአሞራ ገደል ቆሮሶ ዓሣ ገዝቼ፣ እሾሁን አንድ በአንድ ለቅሜ፣ ቃሪያ ጣል አድርጌ ሾርባ እሠራላታለሁ። 100 ግራም ሥጋው 20 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። (ኩላሊቱን የሚያመው ሰው መጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቅ።) ከዚያ ከወንበር ብድግ ቁጭ አሠራታለሁ፤ ጡንቻ ካልሠራ መብሉ ብቻውን አያጠነክረውም። «ወታደር ልታደርጊኝ ነው እንዴ?» ትለኛለች።