ልጓም በአንድ እጅ

ዛሬ ከፍቶኛል። ለምን እንደሆነ እንጃ። ግራ እጄ ጄሶ ውስጥ ከገባ ዐሥራ ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ እሱ ይሆናል። ጠዋት ከሸሚዜ ቁልፍ ጋር ስታገል እሷ መጣች፣ ቆለፈችልኝ፣ ወጣች። ምንም አላለችም። ዝምታዋ ሆዴን አባባው።

ከዚያ ሎሪንግ ትዝ አለኝ። ዊልያም ሎሪንግ፣ ድሮ የኖረ አሜሪካዊ የጦር መኮንን። ቀኑን ሙሉ አልለቀቀኝም።

ያደገው ፍሎሪዳ፣ ሴንት ኦገስቲን ነው። ሕግ ተማረ፣ በ1842 ጠበቃ ሆነ፣ ለፍሎሪዳ ምክር ቤትም ተመረጠ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፋቸው)። እዚያው ቢቀር ኖሮ ዛሬ ማን ያነሳው ነበር? በ1846 ግን ጥብቅናውን ተወና አዲስ በተቋቋመ የፈረሰኛ ጦር ውስጥ ሻምበል ሆነ። በዓመቱ፣ አሜሪካ ከሜክሲኮ ጋር ስትዋጋ፣ ሜክሲኮ ሲቲ መግቢያ ላይ ግራ ክንዱን ጥይት መታው። ተቆረጠ። ሲቆረጥ ሲጋራ እያጨሰ ነበር ይባላል።

እኔን የሚገርመኝ ሲጋራው አይደለም። ከዚያ በኋላ የኖረው 39 ዓመት ነው። ልጓም በአንድ እጅ። ጠመንጃ በአንድ እጅ። በ1849 ጦሩን እየመራ ከሚዙሪ እስከ ኦሪገን ወደ 4,000 ኪሎ ሜትር ተጓዘ። ሚስት አላገባም። ጠዋት ጠዋት ቁልፉን ማን ቆለፈለት?

ደግሞ እንዲህ ሳዝንለት ሌላው ነገር ይመጣብኛል። በ1861 የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሳ ባሪያ አሳዳሪዎቹን ደቡቦች መረጠ፤ ጄኔራል ሆኖ ተዋጋላቸው። ይህን ዘልዬ ላዝንለት አልችልም።

ደቡቦች ተሸነፉ። በ1869 የግብጹ ገዢ ከዲቭ እስማኤል ቀጠረው። ትናንት ሲታኮሱ የነበሩ የሰሜንና የደቡብ መኮንኖች ካይሮ ላይ ከአንድ ካዝና ደሞዝ ይቀበሉ ጀመር። እሱም ሎሪንግ ፓሻ ተባለ።

ቀጥሎ የመጣው ወደኛ ነው።

አባባ ስለ ጉራ ጦርነት ሲያወራ፣ ልጅ ሆኜ፣ ግብጾች ጉራ ስለነዙ እንደዚያ የተባለ ይመስለኝ ነበር። ለካ ቦታ ነው፤ ጉራዕ፣ ዛሬ ኤርትራ ውስጥ፣ ደቀምሐረ አጠገብ። አባባ የነገረኝ ድሉን ነው። ማዶ ማን ቆሞ እንደነበር ግን ነግሮኝ አያውቅም። ጉንደት ላይ የተደመሰሰውን ጦራቸውን ሊበቀሉ በ1876 ሲመጡ አዛዡ ራቲብ ፓሻ ነበር፤ የእሱ ኤታማዦር ሹም ደግሞ ይህ ክንደ ቆራጣ አሜሪካዊ። ራቲብ ምሽጉን ይዘን እንቆይ ባይ ነበር። ሎሪንግ ወደ ሜዳው እንውጣ ብሎ ወተወተው። ፈሪ ብሎታልም ይባላል። ወጡ። የአፄ ዮሐንስ ጦር ከበባቸው፣ አሉላም ነበረበት። ከወጡት ብዙዎቹ አልተመለሱም።

እነዚያ ወታደሮች እኮ አብዛኞቹ የናይል ዳር ገበሬዎች ነበሩ፣ ከማሳቸው በግድ የተወሰዱ። ልጅ ሆኜ በድሉ ስጨፍር አንድም ቀን አስቤያቸው አላውቅም። ዛሬ አሰብኳቸው። ድሉን አይቀንስብኝም። ግን ከበደኝ።

ሎሪንግ ተረፈ። በ1884 ማስታወሻውን ሲያሳትም ጥፋቱን የጣለው በግብጽ መኮንኖች ላይ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ኒውዮርክ ላይ ሞተ። ሴንት ኦገስቲን ውስጥ ቆሞለት የነበረውን ሐውልትም በ2020 አነሱት።

አንድ ክንዱን ሰው አገር ጥሎ የተመለሰ ሰው፣ ክንዱን ካጣ ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ሲል እንደገና ሰው አገር ጦር ይዞ የሚሄደው ምን ፈልጎ ነው? ደሞዝ ነው እንዳልል፣ ደሞዝ ካይሮ ተቀምጦም ይገኛል።

ሌላም አለ። ሰውየው ዕድሜውን በኮርቻ ላይ የጨረሰ ነው። ያን ቀን ፈረሰኞቻችን ወደ ሜዳው ሲወርዱ ሲያይ መጀመሪያ የመጣበት ምን ይሆን? ፍርሃት? ወይስ ለአንድ አፍታ፣ ፈረስ የሚያውቅ ሰው ፈረሰኛ ሲያይ እንደሚሆነው፣ ልቡ ደስ አለው?