ክንድ ዝቅ ሲል ቁጥሩ ከፍ ይላል
የዚህ ሳምንት የደም ግፊት መዝገባችን ደስ ይላል፤ የጠዋቱና የማታው ቁጥር ተቀራርቧል። ከዚያ በፊት አንዴ 128፣ አንዴ 141 እያለ መሣሪያውን እስከ መጠርጠር አድርሶን ነበር።

መነሻውን ታውቁታላችሁ፦ ከመለካት በፊት 30 ደቂቃ ያህል ቡና፣ ጫትም ሆነ ሲጋራ የለም፤ ሽንት ቤት ደርሶ መምጣት፤ ከዚያ 5 ደቂቃ ያለ ወሬ መቀመጥ። የደሴን ዳገት ወጥቶ የገባ ሰው ግን ግማሽ ሰዓት ይረፍ።

ያስቸገረን የክንድ ከፍታ ነው። ካፉ፣ ማለትም ክንድ ላይ ተጠምጥሞ በአየር የሚሞላው ጨርቅ፣ በልብ ትክክል፣ ማለትም በደረት አጥንት መሃል አቅጣጫ መዋል አለበት። ከዚያ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካለ የደሙ ክብደት ስለሚጨመርበት ቁጥሩ 8 ያህል ይጨምራል፤ ከፍ ካለም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሶፋ ላይ ተቀምጦ ክንድን ዝቅ ባለችው የሳሎን ጠረጴዛ ላይ ማሳረፍ ዋናው ስህተት ነው። ዱካማ ጭራሽ አይሆንም፤ ጀርባ መደገፊያ የለውም። መደገፊያ ያለው ወንበር ይያዝ፣ እግር ሳይጣመር መሬት ይርገጥ፣ ከክርን ስር አራት የታጠፈ ጋቢ ይግባ። ክንድን በራስ ጉልበት አንሥቶ መያዝም ቁጥሩን ይጨምራል። መሣሪያው ራሱ መሬት ላይ ቢቀመጥ ግድ የለም፤ ቱቦው ውስጥ ያለው አየር ነውና የሚቆጠረው የካፉ ከፍታ ብቻ ነው።

እጅጌም ያሳስታል። በሹራብ ላይ አይለካም፤ ጠቅልሎ ወደ ላይ መግፋትም ክንዱን እንደ ገመድ ያንቀዋል። አንዱን እጅጌ አውልቆ ትከሻ ላይ ጋቢ ጣል ማድረግ ይሻላል፤ ብርዱ ራሱ ግፊት ይጨምራልና። ኮምቦልቻ ያላችሁ በዚህ በኩል ተገላግላችኋል።

ካፍ ሳትለኩ አትግዙ። የላይኛው ክንድ መሃል በልብስ ሰፊ ሜትር ይለካ፤ ብዙ ጊዜ ከመሣሪያው ጋር የሚመጣው ከ22 እስከ 32 ሴንቲ ሜትር ላለው ክንድ ነው። ለወፍራም ክንድ የጠበበ ካፍ ግፊት የሌለበትን ሰው ግፊተኛ ያስመስላል። የእጅ አንጓውን ዓይነት እኛ አንመክርም፤ ከፍታውን መጠበቅ የባሰ ያስቸግራል።

አመዘጋገቡ ላይ ጥፋት አለብን፦ ከሁለቱ ልኬት ዝቅተኛውን ብቻ መርጠን የጻፍንባቸው ቀናት አሉ። ሁለቱም ይጻፉ። ጠዋት ከመድኃኒትና ከቁርስ በፊት፣ ማታም እንዲሁ፣ በ1 ደቂቃ ልዩነት ሁለት ሁለት ጊዜ፣ ለ7 ቀን። የመጀመሪያው ቀን ተትቶ የቀረው አማካይ 135 በ85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ መዝገቡን ይዞ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። 180 በ120 ታይቶ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የአንድ ጎን መዛል ካለ ግን ዳግም መለካት ቀርቶ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል።