«አንተ» እና «እርስዎ»፦ የፋሲካ መልእክት ከሐዋሳ

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን! በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን!

ወዳጆቼ፣ ሃምሳ አምስቱን ቀን ጾማችሁና ሰግዳችሁ ለዚህ ቀን የደረሳችሁ፣ በሕመም ምክንያት መጾም ሳትችሉ ቀርታችሁ በልባችሁ የጾማችሁም፣ እንኳን አደረሳችሁ። ዶሮው ተበልቷል፣ ቡናው እስኪፈላ አንድ ነገር ልንገራችሁ።

ሐሙስ ዕለት ገብርኤል ነበርኩ፤ ጸሎተ ሐሙስ፣ ሕጽበተ እግር። ተራዬ ሲቃረብ ጫማዬን ባወልቅ ካልሲዬ አውራ ጣቴ ጋ ተቀዷል። (እግሩን ሊታጠብ የሚሄድ ሰው ካልሲውን አያይም?) ከፊቴ የነበሩት የሰፈራችን የሌሊት ጥበቃ ናቸው፤ አባቴን የሚያህሉ ሰው። ተረከዛቸው እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቋል። ካህኑ ጎንበስ ብለው በወይራና በወይን ቅጠል አጠቧቸው። ቀጥለው እኔን። ያው ውኃ፣ ያው ቅጠል፣ ያው ጎንበስ ማለት።

ዮሐንስ 13ን ልብ ብላችሁ ካነበባችሁት፣ ይሁዳ ከማዕዱ ተነሥቶ የወጣው እግራቸው ከታጠበ በኋላ ነው። ጌታ ማን እንደሚሸጠው እያወቀ ለዚያ እግርም ጎንበስ ብሏል። «የሚያከብረኝን አከብራለሁ» እያልን የምንኮራው ሰዎች፣ እኔን ጨምሮ፣ እዚህ ጋ ምን እንደምንል አላውቅም።

ቅዳሜ ሌሊት ደግሞ ቅርጫ። ሰፈሩ ተዋጥቶ በሬ ጥሏል፤ ጸሐፊው እኔ ነኝ፣ ደብተሩም ገንዘቡም እኔ ጋ። ጥበቃው ከአንድ የባጃጅ ሹፌር ጋር አንድ መደብ ለሁለት ይዘዋል፤ ብራቸውን ከሁሉም ቀድመው የከፈሉት እሳቸው ናቸው። ሥጋው ቅጠል ላይ እየተደረደረ ሳለ አንድ ነጋዴ ጎረቤታችን በመኪና መጣ። በዕድሜ ታናሼ ነው፣ ገንዘቡንም ገና አልሰጠም። «እርስዎ ይቀመጡ እንጂ! ወንበር አምጡላቸው!» አልኩ። ዞር ብዬ ደግሞ ወደ ጥበቃው፦ «አንተ! ባትሪውን ወዲህ አብራ እንጂ!»

«እሺ ጌታዬ፤ አሁን ይታይዎታል?» አሉኝ።

ታየኝ። ሥጋው ሳይሆን ሐሙስ ዕለት ያየሁት ተረከዝ።

«አንተ» በራሱ ስድብ አይደለም። እኩያ ከእኩያው ይባባልበታል፤ እግዚአብሔርንም ስንጸልይ «አንተ» ነው የምንለው። ጥያቄው «እርስዎ»ን ለማን ቆጥበን እንደምናስቀምጥ ነው። እኔ ያን ሌሊት «እርስዎ» ያልኩት ለመኪናው ነበር።

ሐዋርያው ጴጥሮስ በመጀመሪያ መልእክቱ ምዕራፍ 2 ቁጥር 17 ላይ «ሁሉን አክብሩ» ይላል። ወንድሞችን ደግሞ «ውደዱ»። ማክበሩ ግን ለሁሉም ነው፤ የማኅበር ጓደኛ፣ ባለሥልጣን፣ የኛ ሃይማኖት ሰው ብሎ አልመረጠም። ለእኛ ለሐዋሳ ሰዎች ይህ ሩቅ ትምህርት አይደለም፤ በአንድ ግቢ ኦርቶዶክሱ፣ ጴንጤው፣ ሙስሊሙ አብሮ ይኖራል። ሙስሊም ጎረቤታችን ዛሬ ቡና ልትጠጣ ስትመጣ እናቴ የድፎ ዳቦውን ሳህን ከወጡ አርቃ፣ በሌላ ቢላ ቆርሳ ነው ያቀረበችላት። ማንም አላዘዛትም፣ ማንም አላመሰገናትም። ለእናቴ ቀላል የሆነው ነገር ለእኔ ለምን እንደከበደኝ እያሰብኩ ነው።

ዛሬ ጠዋት በሩ ላይ አገኘኋቸው። ሌሊቱን ሙሉ ቆመው አድረው፣ የቅዳሜውን ቄጤማ እስካሁን በግንባራቸው ላይ አስረዋል። ቀረብ ብዬ፣ «አባባ፣ እንኳን አደረስዎ» አልኳቸው።

ዞር ብለው ወደ ኋላቸው አዩ። ሌላ ሰው የቆመ መስሏቸው።

መልካም በዓል።