ፊልሙ ላይ ያልነበሩት ቀለበቶች

የምሠራው ቸርችል ጎዳና አካባቢ ባለ ፎቶ ቤት ነው። ድሮ ጉርድ ፎቶና ሠርግ ነበር ሥራችን። አሁን አሮጌ ኔጋቲቭ፣ ማለትም ፎቶ የሚወጣበትን ፊልም፣ ይዞ የሚመጣው ሰው በዝቷል። ፎቶው ጠፍቶ ኔጋቲቩ ብቻ የቀረው ቤተሰብ ብዙ ነው። እሱ ከተበላሸ ደግሞ ሌላ የለም።

በቅርቡ አንዲት እናት የሟች ባለቤታቸውን የወጣትነት ኔጋቲቮች አመጡልን። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ተጠቅልሎ ስለኖረ መሃሉ ጎብጧል። አዲሱ ልጅ ስካነሩ መስታወት ላይ አስተኛውና ስካን አደረገው። የወጣው ምስል አስደነገጠን። የሰውዬው ጉንጭ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ ቀለበቶች አንዱ አንዱን ከብበው ተደርድረዋል።

ጋሼ፣ የቤቱ ባለቤት፣ ልጁ ላይ ጮኹበት።

«በምንድን ነው የጠረግኸው?»

«ኧረ ጋሼ፣ ምንም አልነካሁትም!»

አልጠበቁም። አልኮልና ጥጥ አነሡ፤ ሊፈትጉት ነው።

«ቆይ እስቲ ጋሼ፣ አይንኩት» አልኳቸው።

ፊልሙን ጠርዙን ይዤ ወደ መስኮቱ አነሣሁት። ጥርት ያለ ነው፤ ቀለም የሚባል ነገር የለበትም። መልሼ አስቀመጥኩትና ጥግ ላይ በጓንት ቀስ ብዬ ጫን አድርጌ ድጋሚ ስካን አደረግነው። ቀለበቶቹ ከጉንጩ ወደ ትከሻው ሄደዋል። የፊልም ጠባሳ ደግሞ ቦታ አይቀይርም።

ነገሩ ያለው በፊልሙና በመስታወቱ መካከል ባለችው ስስ አየር ላይ ነው። ብርሃን ሞገድ ነው። ከላይ ከመጣው ብርሃን አብዛኛው ቀጥ ብሎ ያልፋል። ጥቂቱ ግን መስታወቱ ላይ ነጥሮ ይመለስና፣ ፊልሙ ላይ ደግሞ ነጥሮ፣ ዘግይቶ ይከተላል። ቀዳሚውና ዘግይቶ የመጣው ሲገናኙ፣ የሞገዱ ከፍታ ከከፍታ ጋር ከገጠመ ይጠናከራሉ፤ ከፍታ ከዝቅታ ጋር ከገጠመ ይዳከማሉ። የትኛው ቀለም እንደሚጎላ የሚወስነው የክፍተቱ ስፋት ነው። ፊልሙ የጎበጠ ስለሆነ ክፍተቱ ቀስ በቀስ ይሰፋል፤ ቀለሙም እየተፈራረቀ ቀለበት ይሠራል። ክረምት ላይ እርጥብ አስፋልት ላይ የፈሰሰ ዘይት ቀለም የሚያወጣውም በዚሁ ምክንያት ነው።

መጠኑን ሳስበው ሁሌም ይገርመኛል። ከአንዱ አረንጓዴ ቀለበት እስከ ቀጣዩ ክፍተቱ የሚጨምረው 275 ናኖሜትር አካባቢ ብቻ ነው፤ የአረንጓዴ ብርሃን ሞገድ ርዝመት፣ ከአንዱ ከፍታ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት፣ ግማሽ ማለት ነው። አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት በአሥር ሺዎች ናኖሜትር ነው የሚቆጠረው። ይህን ያህል ረቂቅ ነገር በዓይናችን እያየን ነበር።

ቀለበቶቹ የሚጠሩት በኒውተን ስም ነው። በ1704 ባሳተመው የብርሃን መጽሐፉ ውስጥ በጥንቃቄ ለክቶ ጽፏቸዋል። እሱ ራሱ ግን ብርሃንን የሚያስበው እንደ ጥቃቅን ቅንጣት ነበር። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ቶማስ ያንግ የኒውተንን ልኬት ራሱን ወስዶ፣ በሞገድ አስልቶ፣ የቀለማቱን የሞገድ ርዝመት አወጣበት። ቀይ 700 ናኖሜትር ገደማ፣ ሐምራዊ 400 ገደማ። የማያምንበትን ሐሳብ የሚያስረዳ ልኬት እንዲህ በታማኝነት መዝግቦ ማለፍ ትልቅነት ነው እላለሁ።

መፍትሔው ቀላል ነበር። ፊልሙን ገልብጠን፣ የማያብለጨልጨው ጎኑ ወደ መስታወቱ እንዲዞር አደረግን። ያ ጎን ብርሃን እንደ መስታወት አያነጥርም። ዙሪያውንም በካርቶን ፍሬም ከፍ አደረግነው። ክፍተቱ በደንብ ሲሰፋ ቀለማቱ እርስ በርስ ተደባልቀው ቀለበቱ ይጠፋል። ግራና ቀኙን ኮምፒዩተሩ ላይ መለስነው። ሰውዬው ጥርት ብለው ወጡ።

ጋሼ ጥጡን ቅርጫት ውስጥ ጣሉት። ከዚያ ልጁን ጠሩት።

«ይቅርታ ልጄ፣ ቸኩዬብሃለሁ። በል፣ የቀሩትንም አንተው ጨርሳቸው።»