ሮም ለሚመጣ እንግዳ፦ አበበ የሮጠበትን እናንተ ተራመዱበት

ሮም የምንኖር ሐበሾች ደመወዝ የሌለው ሥራ አለን፤ አስጎብኚነት። ከስቶክሆልም አክስት ትመጣለች። አዲስ አበባ የሚገባ የጓደኛ ወንድም «መንገዴን በሮም አድርጌያለሁ» ብሎ ይደውላል። ሁሉም የሚፈልገው ያው ነው። ኮሎሲየም፣ ቫቲካን፣ ሳንቲም የሚጣልበት ፏፏቴ፣ ከዚያ ገበያ። ደግሞ በአንድ ቀን! ይቻላል። ግን እንዲህ ሲሯሯጥ የዋለ ሰው ማታ የሚያወራው ስለ ሰልፉ ብቻ ነው። ስለዚህ እንግዶቼን የማዞርበትን መንገድ ከአበበ ቢቂላ ተዋስኩ።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበር፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ፈረንጆቹ 1960 ላይ ነበሩ። የሮም ሙቀት በቀን አያስሮጥምና ማራቶኑ የተጀመረው ወደ ማታ ነው። መነሻው የካምፒዶሊዮ ኮረብታ፣ መድረሻው የቆስጠንጢኖስ ቅስት። አበበ በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። ይህን የማያውቅ የለም። ብዙ እንግዳ የማያውቀው መነሻውና መድረሻው በእግር ሩብ ሰዓት ያህል ብቻ እንደሚራራቁ ነው። የጥንቷ ሮም እምብርት ደግሞ እዚያው መሃል ነው።

በጠዋት እንነሳለን። ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ የአስጎብኚዎቹ ባንዲራ ሳይበዛ። ካምፒዶሊዮ ላይ ያለውን አደባባይ የነደፈው ማይክል አንጄሎ ነው። መሃሉ ላይ ፈረስ ላይ የተቀመጠው የሮማ ንጉሠ ነገሥት ማርቆስ አውሬሊዎስ ሐውልት ቆሟል። ዋናው ሐውልት ሙዚየም ውስጥ ነው፤ ውጪ ያለው ቅጂ ነው። እዚያ ብዙ አንቆይም። በማዘጋጃ ቤቱ ጎን አልፈን ወደ ኋላ እንዞራለን። ያኔ ፎረሙ፣ የጥንቷ ሮም ዋና አደባባይ፣ ከነፍርስራሹ፣ ከነአምዶቹ፣ ከነቅስቶቹ ከእግራችን ሥር ይዘረጋል። ትኬት የለ፣ ሰልፍ የለ። አንድ ሰው ሮም ውስጥ ግማሽ ሰዓት ብቻ ቢኖረው የምወስደው እዚህ ነው።

ከዚያ ወደ ቺርኮ ማሲሞ እንወርዳለን። የሠረገላ መሽቀዳደሚያ የነበረ ነው፤ አሁን ሣር ሆኗል። ዳር ላይ ትልቁ ነጭ የፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት) ሕንጻ ይታያል። ሕንጻው ሲታቀድ ጣሊያን ቅኝ ግዛቶቿን የምታስተዳድርበት ሚኒስቴር እንዲሆን ነበር። የአክሱም ሐውልትም ተዘርፎ የመጣውና የተተከለው በፈረንጆቹ 1930ዎቹ እዚሁ ፊት ለፊት ነው። አበበ በዚያች ማታ አጠገቡ አልፏል። መጨረሻ ላይም ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ተፈትልኮ የወጣው እዚሁ አካባቢ ነው። ሐውልቱ በሦስት ተከፍሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን አገሩ የገባው በፈረንጆቹ 2005 ነው፤ በ2008 አክሱም ላይ ተተከለ። አሁን ቦታው ላይ ከመኪና ጩኸት በቀር ብዙ የሚታይ የለም። ያም ሆኖ እንግዶቼ ኮሎሲየም ፊት ከሚያነሱት ፎቶ እኩል እዚህ ያነሳሉ። ፈረንጆቹ ቱሪስቶች ምን አግኝተው ነው ብለው ዞር ዞር ይላሉ።

ከዚህ በሳን ግሬጎሪዮ መንገድ ወደ ቅስቱ ነው። ጥላ ያለው ደስ የሚል መንገድ ነው። ግድግዳው ላይ አበበን የሚያስታውስ ጽሑፍ አለ፤ ፈልጉት። በ2010፣ በሃምሳኛው ዓመት፣ የሮምን ማራቶን ያሸነፈው ሲራጅ ገና መጨረሻዋን ሜትሮች ጫማውን አውልቆ ነበር የሮጣት።

ጉልበት ያለው እንግዳ ከሆነ ከሰዓት በኋላ አፒያ አንቲካን እጨምራለሁ። አበበ በጨለማ፣ በችቦ ብርሃን የመጣበት ጥንታዊ መንገድ ነው። እዚህ ላይ አንድ ምክር አለኝ። ከፖርታ ሳን ሴባስቲያኖ በር ወጥታችሁ በእግር አትቀጥሉ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ የእግረኛ መሄጃ የለውም፤ መኪናው ደግሞ ይከንፋል። 118 ቁጥር አውቶቡስ ይዛችሁ ካታኮምቦቹ (ጥንታዊዎቹ የምድር ውስጥ መቃብሮች) ጋ ውረዱ። አውቶቡሱ ቶሎ ቶሎ አይመጣም፤ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ከቼቺሊያ ሜቴላ መቃብር ወዲያ ግን ዝምታ፣ ጥድና ድንጋይ ብቻ ነው። እሑድ ይበልጥ ጥሩ ነው።

ኮሎሲየም መግባት የሚፈልግ ቀድሞ ኢንተርኔት ላይ ትኬቱን ይያዝ። ትኬቱ ላይ ስም ስለሚጻፍ ፓስፖርት አይረሳ። በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ነጻ ነው፤ ነጻ ስለሆነ ግን ሰልፉ አይጣል ነው። እኔ ከፍሎ መግባትን እመርጣለሁ። የሮማ ወታደር ልብስ ለብሰው «ፎቶ እንነሳ» የሚሏችሁ ሰዎች በኋላ ገንዘብ እንደሚጠይቁም እወቁ።

ጫማ ነገር። እዚህ ያለው መንገድ ሁሉ ኮብልስቶን ነው፤ ያውም ለዘመናት የተረገጠና የሚያንሸራትት። ታኮ ጫማ ሻንጣ ውስጥ ይቅር። ለእናቶች ደግሞ ነጠላ ይያዝ እላለሁ። ቅዱስ ጴጥሮስም ሆነ ሌላው ቤተ ክርስቲያን ትከሻና ጉልበት ካልተሸፈነ በር ላይ ይመልሳል፤ ነጠላ ያላት አትቸገርም። ቅዱስ ጴጥሮስ ለመግባት ክፍያ የለም፤ ፍተሻ እንጂ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የደረሰ ብዙም ሳይሰለፍ ይገባል። ከባዚሊካው ጀርባ፣ ቫቲካን ውስጥ፣ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የኛ መነኮሳት የኖሩበት የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ጀርመናዊው ምሁር ሂዮብ ሉዶልፍ ስለ ኢትዮጵያና ስለ ግዕዝ ከአባ ጎርጎርዮስ የተማረው ከዚያ ጋር በተያያዘ ትውውቅ ነው። ዝም ብሎ መግባት አይቻልም፤ ግን ከጉልላቱ ላይ ሆኜ ሰፈሩን አሳያለሁ። ጉልላቱ 551 ደረጃ አለው፤ ጉልበት የሚያመው አይሞክረው።

ውኃ አትግዙ። በየመንገዱ የሚፈሱት የብረት ቧንቧዎች የሚጠጣ ቀዝቃዛ ውኃ ናቸው። ጫፉን በጣት ሲደፍኑት ከላይ ባለው ቀዳዳ ሽቅብ ይወጣል። ልጆች ከኮሎሲየም ይልቅ ይህን ይወዱታል።

ምግብ ላይ የኛ ሰው ይጠንቀቅ። ካርቦናራና አማትሪቻና ውስጥ የአሳማ ሥጋ አለ። የማይበላ ሰው ካቾ ኤ ፔፔ ይዘዝ፤ አይብና ቁንዶ በርበሬ ብቻ ነው። ጾም ከሆነ ፒዛ ማሪናራ አለ። ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዘይት፤ አይብ የለውም። ማኪያቶ ቆማችሁ ጠጡ። ከተቀመጣችሁ ዋጋው ይጨምራል፤ ቱሪስት በሚበዛበት ደግሞ እጥፍ ሊሆን ይችላል። መጠኑ ትንሽ ነው ብላችሁም አትከፉ፤ እዚህ ማኪያቶ አንድ ጉንጭ ነው።

እንጀራ ያማረው ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ አያጣም። ከጣቢያው ፊት ያለው አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ» ይባላል። አምስት መቶዎቹ ራስ አሉላ በፈረንጆቹ 1887 ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ሻንጣ እየጎተተ በላዩ የሚያልፍ ሐበሻ ሁሉ ይህን ቢያውቅ ደስ ይለኛል። ሻንጣውን ግን አይልቀቀው፤ ኪስ አውላቂ የሚበዛውም እዚያው ነው። ከተርሚኒ ወደ ቫቲካን የሚሄደው 64 ቁጥር አውቶቡስ ውስጥም ቦርሳ ከፊት ይያዝ።

ወደ ፊዩሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ ስትመለሱ ከተርሚኒ የሚነሳው ፈጣን ባቡር 14 ዩሮ ነው። ከትራስቴቬሬ ወይም ከኦስቲየንሴ የሚነሳው ተራው ባቡር 8 ዩሮ ነው። ሦስት አራት ሆናችሁ ሻንጣ ከበዛ ግን ታክሲ ያዙ። በጥንቱ ግንብ ውስጥ ካላችሁ ዋጋው ቁርጥ ስለሆነ ጭቅጭቅ የለውም።