ጾም የያዘው ቀበቶ

ሁዳዴ ላይ ነው። አክስቴን ይዤ ወደ አሜሪካ እየሄድኩ ነው፤ የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ። እስከ ፍራንክፈርት ምንም ችግር የለም፤ አስተናጋጆቹ አማርኛ ይናገራሉ። ከዚያ ወዲያ ግን አውሮፕላኑ ሌላ፣ ቋንቋው ሌላ፣ አስተርጓሚው እኔ። ማትሪክ ላይ በእንግሊዝኛ ኤ ያመጣሁት እኔ! ይህቺን ኤ እትዬ ለአገሩ ሁሉ ሲያወሩልኝ ነው የኖሩት።

ተቀመጥን። እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው፣ ጋቢያቸውን ጭናቸው ላይ ደልድለዋል። የቀበቶው አንዱ ጫፍ ከጋቢው ሥር፣ ሌላው ከራሳቸው ከእትዬ ሥር። አንዲት ረዥም አስተናጋጅ ግራ ቀኝ እየቃኘች መጣች። እኛ ጋ ስትደርስ ጎንበስ ብላ የሆነ ነገር ጠየቀች። ሞተሩ ይጮኻል። ከዚያ ሁሉ ንግግር ጆሮዬ የያዘው «ፋሰን» የምትለዋን ብቻ ነው።

ፋስቲንግ! ጾመኛ ናችሁ ወይ ማለቷ ነው። እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት አልኩ በልቤ። ነጠላውን አይታ እኮ ነው!

«የስ! ቦዝ! ፊፍቲ ፋይቭ ደይስ!» አልኳት ደረቴን ነፍቼ።

የልጅቷ ዓይን ፈጠጠ። አምሳ አምስት ቀን ሙሉ ቀበቶ ያሰረ መንገደኛ ገጥሟት አያውቅ መሰለኝ። መልስ እንኳ ሳትሰጠኝ እጇን ከጋቢው ሥር ሰደደች፤ አንዱን ጫፍ አወጣች፤ ሌላውን ከእትዬ ሥር ጎትታ ቀጭ! ከዚያ ሳብ አድርጋ አጠበቀችው።

«ኧረ በማርያም! ምን አጥፍቼ ነው የምታስረኝ?» አሉ እትዬ። «አንተ፣ ምን ብለሃት ነው?»

ምን ልበል? ለነገሩ የእኔም አልታሰረም ነበር።

በመስኮቱ በኩል የተቀመጡ አንድ ሸበቶ ጀርመናዊ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ከዚያ ከላያችን የበራችውን ጽሑፍ በጣታቸው አሳዩኝ። «ፋሰን ሲት ቤልት» ይላል። ቲ የምትባለዋ ፊደል ትጻፋለች እንጂ አትነበብም፤ ልክ እንደ ሊስን። «በእኛ ቋንቋ ግን» አሉኝ፣ «ይህ ቃል ፋስተን ተብሎ ነው የሚነበበው። ትርጉሙም መጾም ነው። ከፋሲካ በፊት ያለውንም ጾም ፋስተንጻይት እንለዋለን።»

ኤዬ ተመለሰችልኝ። በጀርመንኛ።

ኋላ አሜሪካ ገብቼ ነገሩን ሳጣራ ቃላቱ ለካ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ፋስት ማለት ጽኑ፣ ንቅንቅ የማይል ነው። ማጽናትና ማጥበቅ ፋሰን ሆነ። ከምግብ ተከልክሎ መጽናትም ፋስት ተባለ። ፈጣን የሚለው ትርጉም እንኳ የመጣው ከዚያው ነው፤ ሳይላሉ፣ ጠበቅ አድርጎ ከመሮጥ። ጠዋት ሲበሉም የሌሊቱን ጾም ሰበርን ብለው ብሬክፋስት አሉት። እኛ እንጀራውን ቆርሰን ቁርስ አልን፤ እነሱ ጾሙን ሰበሩት። ግን በእነሱ ልስቅ ስል ቆም አልኩ። እኛስ ብንሆን ጾም እንይዝ የለ? ስንጨርስስ እንፈታ የለ? ቀበቶም ይፈታል፣ እስረኛም ይፈታል፣ ሚስትም ትፈታለች። ይባስ ብሎ የምፈልገው የቃል ትርጉም ራሱ «ፍቺ» ነው የሚባለው! ከቤተሰቡ ያፈነገጠ ፋስት ፉድ ብቻ ነው። የጾም ምግብ መስሎት ያዘዘ ሰው ያውቀዋል። (አዎ፣ እኔ ነኝ። እሱን ሌላ ቀን።)

ወደ አውሮፕላኑ ልመለስ። ከተነሳን ከሃያ ደቂቃ በኋላ ድንግ አለና መብራቷ ጠፋች።

«እትዬ፣ አሁን መፍታት ይችላሉ» አልኳቸው።

እትዬ የእጅ ሰዓታቸውን አዩ። አሁንም በአዲስ አበባ ነው የሚቆጥረው። ሰባት ከሩብ ይላል።

«ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን?» አሉና ወደ መቁጠሪያቸው ተመለሱ።